ደረጃ 3 ወይስ ደረጃ 2? ጎንደር ላይ የግል ትምህርት ቤት ስትመርጡ የኢንስፔክሽን ውጤትን እንዴት ታነጻጽራላችሁ

ባለፈው ነሐሴ ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። ልጇ ሰባት ዓመት ሞልቷታል፣ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው።

"ሁለት ትምህርት ቤት አይቻለሁ" አለች። "አንደኛው በሩ ላይ 'በኢንስፔክሽን ደረጃ 3 አግኝተናል' የሚል ትልቅ ባነር ሰቅሏል። ሁለተኛው ደረጃ 2 ነው፣ ግን ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ ነው። አባቷ ባለ ባነሩ ይሁን ብሏል። አንቺ መምህር ነበርሽ፣ ምን ትያለሽ?"

"የሁለቱንም ሪፖርት ጠይቂና እናየዋለን" አልኳት። የመንግሥት ኢንስፔክተሮች ትምህርት ቤቱን አይተው ደረጃ ሲሰጡ የሚጽፉት ሪፖርት እንዳለም አታውቅም ነበር። ብዙ ወላጅ አያውቅም። የሚያየው ባነሩን ነው፣ ባነሩ ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚነግረው። ይህን የምጽፈው በዚያ ሰሞን ከእህቴ ጋር ማራኪ፣ አራዳና አዘዞ እየተመላለስን ያየነው ነገር ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ነው። ለዓመታት አንደኛ ደረጃ አስተምሬያለሁ፣ ኢንስፔክተሮች ከክፍሌ ኋላ ተቀምጠው ሲጽፉም አይቻለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ደረጃ 3 ያገኘ ትምህርት ቤት ሊመሰገን ይገባዋል። አገራችን ውስጥ አብዛኛው ትምህርት ቤት ደረጃ 1 እና 2 ላይ ነው ያለው፣ ከፍተኛው ደረጃ 4 ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ባነሩን የሰቀለው ትምህርት ቤት የሚኮራበት ነገር አለው። መምህራኑም ለፍተውበታል። እኔ የምለው ባነሩን አትመኑ አይደለም። ከባነሩ ጀርባ ያለውን ወረቀት አንብቡ ነው።

ደረጃው ከምን ይመጣል?

የኢንስፔክሽን ማዕቀፉ በ2006 ዓ.ም. የወጣ ነው። 26 ስታንዳርዶች አሉት። ስታንዳርዶቹ በሦስት ይከፈላሉ፤ ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት። ግብዓት ከ100 ውስጥ 25 ይይዛል። ሂደት 35፣ ውጤት 40። ድምሩ ከ50 በታች ከሆነ ደረጃ 1 ነው። ከ50 እስከ 70 ሳይሞላ ደረጃ 2። ከ70 እስከ 90 ሳይሞላ ደረጃ 3። 90ና ከዚያ በላይ ደረጃ 4።

ግብዓት ማለት ያለው ነገር ነው። ክፍሉ፣ ወንበሩ፣ መጽሐፉ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ውሃው፣ የመምህራኑ የትምህርት ማስረጃ። ሂደት ማለት ባለው ነገር የሚሠራው ሥራ ነው። መምህሩ እንዴት ያስተምራል፣ ደብተር ያርማል ወይ፣ የደከመውን ልጅ ማን ይደግፈዋል፣ ርዕሰ መምህሩ ክፍል ገብቶ ያያል ወይ፣ ወላጅ ይሰማል ወይ። ውጤት ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ነው፤ የፈተና ውጤት፣ የሚያልፈውና የሚያቋርጠው ልጅ ብዛት፣ ሥነ ምግባር፣ የወላጅና የተማሪ እርካታ።

አሁን ነገሩ የሚገባችሁ በምሳሌ ነው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብዬ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ትምህርት ቤት በግብዓት ከ25ቱ 23 አገኘ፣ በሂደት ከ35ቱ 22፣ በውጤት ከ40ው 27። ድምሩ 72 ነው። ደረጃ 3፣ ባነር ይሰቀላል። ሌላው በግብዓት 13 አገኘ፣ በሂደት 29፣ በውጤት ያው 27። ድምሩ 69። ደረጃ 2፣ ባነር የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ነጥብ ነው። ግን ሂደቱን ብቻ ብታዩ የመጀመሪያው ከመቶ 63 ገደማ ነው ያገኘው፣ ሁለተኛው ከመቶ 83 ገደማ። ልጃችሁ በየቀኑ ክፍል ውስጥ የምታገኘው ይህን ሂደት የተባለውን ነው። ግንቡ የሚያምረው የመጀመሪያው ነው፣ በደንብ የሚያስተምረው ግን ሁለተኛው ሊሆን ይችላል።

የእህቴ ሁለት ትምህርት ቤቶችም ከዚህ ምሳሌ ብዙ አልራቁም።

ሪፖርቱን ስትይዙ

መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ኢንስፔክሽን በየዓመቱ አይደረግም፣ በመርህ ደረጃ አንድ ትምህርት ቤት በሦስት ዓመት አንዴ ነው የሚታየው። በእኛ አካባቢ ያለፉት ዓመታት ደግሞ እንዴት እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ትምህርት ተቋርጧል፣ መምህር ተቀያይሯል። ከአራት ዓመት በፊት የተገኘ ደረጃ 3 ያኔ እውነት ነበር፣ ዛሬም እውነት መሆኑን ግን መጠየቅ አለባችሁ። "ያኔ ከነበሩት መምህራን ስንቱ አሁንም አሉ?" በሉ። የግል ትምህርት ቤት ትልቁ በሽታ መምህር መልቀቁ ነው። አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ በአንድ ዓመት ሦስት መምህር ሲፈራረቅበት የሚጎዳውን ያህል በቤተ መጻሕፍት እጦት አይጎዳም።

ቀጥሎ ድምሩን ዝለሉትና በቀጥታ ወደ ሂደት ሂዱ። ከዚያ "መሻሻል ያለባቸው" ወይም "ምክረ ሐሳብ" የሚለውን አንብቡ። ኢንስፔክተሮቹ እውነቱን የሚጽፉት እዚያ ነው። ባለ ባነሩ ትምህርት ቤት ሪፖርት ላይ መምህራን የክፍል ሥራና የቤት ሥራ በወቅቱ አርመው ግብረ መልስ አይሰጡም የሚል ነበር። ደረጃ 2ቱ ላይ ደግሞ የውሃ ማጠራቀሚያ የለም፣ የሴቶችና የወንዶች መጸዳጃ በበቂ አልተለየም፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጠባብ ነው ይላል። ሁለቱም ጉድለት ናቸው። ግን ሮቶ በአንድ ሳምንት ተገዝቶ ይተከላል። የመምህርን ልማድ መቀየር ዓመታት ይፈጃል።

ሪፖርቱን አናሳይም የሚል ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ ምክንያቱን በትህትና ጠይቁ። አንዳንዱ ወላጅ ጠይቆት ስለማያውቅ ግራ ገብቶት ነው። ቢያንስ ምክረ ሐሳቡን እዚያው ቢሮ ተቀምጣችሁ ለማንበብ ጠይቁ። እምቢ ካለ ክፍለ ከተማችሁ ያለውን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም የከተማውን ትምህርት መምሪያ ጠይቁ። ሌላው ወላጅ የሚያምታታው ፈቃድና ደረጃን ነው። "እውቅና አለን" ማለት እንዲያስተምር ተፈቅዶለታል ማለት ነው። ደረጃ 3 ነው ማለት አይደለም።

በአካል ስትሄዱ ምን ታያላችሁ?

ባለ ባነሩ ትምህርት ቤት ስንሄድ ጥበቃው በአክብሮት ተቀበለን። ግቢው ንጹሕ ነው፣ አበባ ተተክሏል፣ ግድግዳው ላይ ፊደልና የሰው አካል ክፍሎች በቀለም ተስለዋል። ቤተ መጻሕፍቱን አሳዩን። መጽሐፍ ሞልቷል፣ ወንበሩ አዲስ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን አቧራ ነበር። ክረምት ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት፣ እንዲህ ባለው ነገር ሰው ላይ መፍረድ አልወድም። ከዚያ የመዋሻ መዝገቡን ጠየቅኩ። የመጨረሻው መጽሐፍ የተዋሰው የካቲት ላይ ነው። ከየካቲት እስከ ሰኔ አንድም ልጅ መጽሐፍ አልተዋሰም።

ደረጃ 2ቱ ዘንድ ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ጠባብ ክፍል ነው፣ ሁለት መደርደሪያ። የተረት መጽሐፎቹ ጠርዛቸው ተበልቷል፣ አንዳንዱ በፕላስተር ተለጥፏል። ልጆች ስለነኳቸው ነው። ርዕሰ መምህሯ ያለፈው ዓመት የአንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ደብተር አሳየችን። ስሙን በእጇ ሸፍና ነው ያሳየችን፣ ይህንንም ወደድኩላት። አገላብጬ አየሁት። በየገጹ ቀን አለ። በየሥራው የመምህሯ ቀይ እስክሪብቶ አለ። ልጁ "ሠ" እና "ሰ" እያምታታ ስለነበር መምህሯ ኅዳር ላይ አንድ መስመር ጽፋ ሰጥታዋለች፣ ታኅሣሥ ላይ ደግማ ሰጥታዋለች፣ ጥር ላይ ልጁ ለይቶ ጽፎ "ጎበዝ" የሚል አግኝቷል። ያን "ጎበዝ" ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከሃምሳ ልጅ መካከል አንዱ ምን እንደቸገረው አውቆ ሦስት ወር መከታተል ቀላል ሥራ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ደብተር ነው። ያለፈው ዓመት ደብተር ጠይቁ። የተለያየ ልጅ፣ ጎበዙም ደካማውም ይሁን። ያልታረመ ገጽ ተከታትሎ ካያችሁ፣ ወይም ደግሞ ሁሉም ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ ካለና ስህተቱ ካልተነካ፣ ያ ትምህርት ቤት ደረጃው ምንም ይሁን ምን ልጁን እያየው አይደለም።

ሁለተኛው መጸዳጃ ቤትና ውሃ ነው። ጎንደር ውስጥ የምንኖር ሰዎች ስለ ውሃ አስረጂ አያስፈልገንም። በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አንዳንድ ሰፈር ቀናት ይቆያል። ስለዚህ "ቧንቧ አለን" የሚል መልስ አይበቃም። ውሃ በማይመጣበት ሳምንት ምን ታደርጋላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ሮቶ አለ? ስንት ሊትር? ማነው የሚሞላው? ሳሙና የት ነው? ደረጃ 2ቱ ውስጥ ያየነው አንድ በርሜልና ጀሪካን ነበር። እህቴ ፊቷ ተለወጠ። ልክ ነበረች። ሴት ልጅ ቀኑን ሙሉ ሽንቷን ይዛ የምትውልበት ትምህርት ቤት፣ ስታድግ ደግሞ የወር አበባዋ ሲመጣ የምትቀርበት ትምህርት ቤት፣ ጥሩ መምህር ስላለው ብቻ ጥሩ አይባልም። ይህን ጉድለት ዝም ብላችሁ አትለፉት። መቼ እንደሚሠራ ቀን አስቆርጡ፣ በጽሑፍ።

ክፍል ውስጥ የሚገባውን ልጅ ብዛትም ጠይቁ። ስታንዳርዱ ለአንደኛ ደረጃ በክፍል 50 ነው። ብዙ የግል ትምህርት ቤት ከዚያ በታች ነው፣ ግን ደረጃ 3 ያገኘ ሰሞን ምዝገባ ይጨምራል። ባነሩ ልጅ ያመጣል፣ ልጅ ሲበዛ ባነሩን ያስገኘው ነገር ይቀንሳል። "ኢንስፔክሽኑ ሲደረግ በክፍል ስንት ነበሩ፣ ዘንድሮስ ስንት መዘገባችሁ?" ማለት ነውር የለውም። መጽሐፍም እንዲሁ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት በብዙ ቦታ አጋጥሟል። አንዱ መጽሐፍ ለስንት ልጅ ነው፣ ወደ ቤት ይዞ ይሄዳል ወይ፣ ወይስ ወላጅ ፎቶ ኮፒ ያስደርጋል?

ስለ ፈተና ውጤት

"የ6ኛ እና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን መቶ በመቶ አለፉ" የሚለውንም ታገኛላችሁ። ደስ ይላል። ግን ስንት ልጅ ተፈተነ? እዚያ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ ናቸው ስድስተኛ የደረሱት? አንዳንድ ትምህርት ቤት ሲቀበል በመግቢያ ፈተና ይመርጣል፣ አምስተኛ ክፍል ላይ ደካማውን "ሌላ ቦታ ይሻለዋል" ብሎ ይሸኛል። የቀረው ሁሉ ያልፋል። በአንጻሩ የመጣውን ልጅ ሁሉ ተቀብሎ፣ ከገጠር የመጣውንም ዓመት ያቋረጠውንም ይዞ፣ ከአሥሩ ስምንቱን የሚያሳልፍ ትምህርት ቤት አለ። ለእኔ ሁለተኛው የበለጠ አስተምሯል። የኢንስፔክሽኑ 40 ነጥብ ይህን ልዩነት ሁልጊዜ አያሳይም፣ ስለዚህ እናንተ ጠይቁት።

እግረ መንገዴን ስለ እንግሊዝኛ። ኬጂ ላይ ያለ ልጅ የእንግሊዝኛ መዝሙር ሲዘምር ወላጅ ልቡ ይቀልጣል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ በአማርኛ አንድ አንቀጽ አንብቦ ምን እንዳለ በራሱ ቃል ካልነገራችሁ እንግሊዝኛውም የቆመበት መሠረት የለውም። እዚያ የሚማር የጎረቤት ልጅ ካለ ተረት ስጡትና አስነብቡት። ከየትኛውም ባነር የበለጠ ይነግራችኋል።

ታዲያ የቱን?

እንደ ልጁ ነው። ይህን የምለው መልስ ለመሸሽ አይደለም።

ልጃችሁ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ከሆነ ሂደቱ ጠንካራ የሆነውን ምረጡ፣ ደረጃ 2ም ቢሆን። ማንበብና መጻፍ የሚተከለው እዚህ ጋ ነው፣ ያን የሚተክለው ደግሞ መምህር ነው። ከአምስተኛ ክፍል በላይ ከሆነ ግብዓት ክብደቱ ይጨምራል። የሳይንስ መሣሪያ፣ ኮምፒውተር፣ ሰፊ ቤተ መጻሕፍት ያስፈልገዋል፣ በራሱ ማንበብ የጀመረ ልጅ መጽሐፍ ሲያጣ ይደርቃል። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ልጇን አምስተኛ ክፍል ላይ ባለ ባነሩ ትምህርት ቤት አስገባችው፣ ትክክል ሠርታለች። ልጁ ጎበዝ አንባቢ ነው፣ ያን ቤተ መጻሕፍት ይጠቀምበታል።

የጤና ችግር ወይም አካል ጉዳት ላለበት ልጅ ግን ግብዓቱን ቀድሜ ነው የማየው። መወጣጫ፣ ምቹ መጸዳጃ፣ የመጀመሪያ እርዳታ። እነዚህ ከሌሉ ልጁ ትምህርቱን ከማግኘቱ በፊት ግቢው ያደክመዋል።

ሁለቱም ደረጃ 3 ከሆኑ፣ ወይም ሁለቱም ደረጃ 2፣ አቅጣጫቸውን እዩ። ከባለፈው ኢንስፔክሽን ወዲህ የወጣው የቱ ነው፣ የወረደውስ? ከ55 ወደ 68 የወጣ ደረጃ 2 እና ከ69 ወደ 58 የወረደ ደረጃ 2 አንድ አይደሉም።

የመንግሥት ትምህርት ቤትንም ከዝርዝራችሁ አታውጡ። ክፍሉ ይጨናነቃል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ ቶሎ የማይለቁ መምህራን በብዛት ያሉት እዚያ ነው። ቅርባችሁ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በሂደት ጥሩ ነጥብ ካለው፣ ለግል የምትከፍሉትን ገንዘብ ለመጽሐፍና ለማስጠናት ብታውሉት ልጁ ሊጠቀም ይችላል። ወርሃዊ ክፍያ ቤቱን የሚያናጋ ከሆነ ይህን በደንብ አስቡበት። ክፍያ ሲያቅት በዓመቱ አጋማሽ ልጅ ማዘዋወር ከሁሉም የከፋ ነው።

ርቀትም አለ። አዘዞ ወይም ጠዳ ሆኖ ልጅን ፒያሳ አካባቢ የሚያስተምር ሰው አውቃለሁ፣ ሰርቪሱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። በጥር ብርድ የሰባት ዓመት ልጅ በእንቅልፍ ልቧ መኪና ላይ ትጫናለች፣ ቁርስ ሳትበላ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ታንቀላፋለች። አስተምሬያቸዋለሁ፣ አውቃቸዋለሁ። የአንድ ደረጃ ልዩነት ይህን አያካክስም። መንገድ ሲዘጋ ወይም ባጃጅ ሲቆም በእግር ሄዳችሁ ልጃችሁን ማምጣት ትችላላችሁ ወይ ብላችሁም አስቡ።

በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። "ኢንስፔክተሮቹ አሻሽሉ ካሏችሁ ውስጥ እስካሁን ምን ሠራችሁ?" ባለ ባነሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ትሁት ሰው ናቸው፣ ግን መልሳቸው "እኛ እኮ ደረጃ 3 ነን" ነበር። ደረጃ 2ቱ ዘንድ ርዕሰ መምህሯ መሳቢያ ከፍታ የማሻሻያ ዕቅዱን አወጣች። ከተጻፉት ሰባት ነገሮች አራቱ ላይ ምልክት ተደርጓል። የቀሩት ሦስቱ ሮቶ፣ የሴቶች መጸዳጃና ቤተ መጻሕፍት ናቸው። እህቴ የሮቶው ቀን እንዲጻፍላት ጠየቀች። "እስከ ጥቅምት 30" ብላ ጻፈችላት፣ ፈረመችበት።

ልጅቷ እዚያ ገባች። አባቷ የተስማማው ደብተሩን ካየ በኋላ ነው። ሮቶው የተተከለው ኅዳር 4 ነው፣ አራት ቀን ዘግይቶ። እህቴ ፎቶውን ልካልኛለች፣ ጥቁር ነው፣ ከሥሩ ሁለት ቧንቧ፣ አንደኛው በትንንሾቹ ልጆች ቁመት ዝቅ ብሎ ተሠርቷል። የሴቶች መጸዳጃው ገና ነው። የካቲት ላይ የወላጅ ስብሰባ አለ፣ ወረቀቱን ይዛ ትሄዳለች።